የመገንጠያው ግጭትና መምህር ሰውመሆን

መምህር ሰውመሆን ከደብረ ማርቆስ ተዛውሮ ወረታ ከገባ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ፊዚክስ ያስተምራል፤ ጎበዝ መምህር መሆኑን የሚክድ የለም። ክፋቱ፣ ጎበዝነቱን እሱም ያውቀዋል። ተማሪ ሲሳሳት ፊቱ ይበራል። እስኪያፍር አይለቀውም፤ ካፈረ በኋላም ትንሽ ይጨምርለታል። አሥራ ስድስት ክረምት ሙሉ የፎገራ ውኃ እስከ ደጃፉ መጥቶ ሲመለስ እያየ፣ ሚስት ሳያገባ፣ ባንዲት የኪራይ ክፍል የኖረ ሰው ነው። ትክክል ከመሆን ሌላ ደስታ አልነበረውም፤ ያችን ደግሞ ማንም እንዲነካበት አይፈልግም።

በጥቅምት፣ በገበያ ቀን፣ አመሉ የሚባል ሹፌር ድንች የጫነ አይሱዙውን ከደብረ ታቦር በኩል እያንደረደረ መጣና የወረታው መገንጠያ ላይ ፍሬን ሳይነካ አንድ ባጃጅ ገጨ። ባጃጁ ተሽከርክሮ ከመንገዱ ማዶ ቦይ ውስጥ ገባ። ነጂው የኔነህ እዚያው ሞተ፤ ለእናቱ ለእማማ ይታይሽ አንድ ልጅ ነበር። አይሱዙው አንድ መብራት ተሰበረበት።

በአራተኛው ቀን መምህር ሰውመሆን አሥራ አንደኛ ክፍል ገባ። የዕለቱ ትምህርት ሞመንተም፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ይዞት የሚመጣው ግፊት፣ ነበር። ሌላ ምሳሌ የጠፋ ይመስል ሰሌዳው ላይ አይሱዙና ባጃጅ ሣለ።

«የትኛው ነው ጠንክሮ የመታው?»

«አይሱዙው!» ብሎ ክፍሉ ጮኸ።

ይችን ጩኸት ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቃት ነው የሚኖረው። «ደናቁርት!» አለ እየሳቀ። «እኩል ነው! አይሱዙው ባጃጁን በመታበት ኃይል ልክ ባጃጁም አይሱዙውን መቶታል። አንዱ ያጣውን ሞመንተም ሌላው አገኘው፤ አለቀ። ጻፉ!»

ምኞት የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። «ታዲያ ቲቸር፣ አንዱ ሞቶ አንዱ ለምን ተረፈ?»

ደህና ጥያቄ ነበር፤ መልሱም ከባድ አይደለም። ያው ኃይል ቀላሉን ይወረውረዋል፣ ከባዱን እምብዛም አይነቀንቀውም። ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ደግሞ ከነጭራሹ የፊዚክስ ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን ደወል ተደወለ። «እሱን ሰኞ» ብሎ ወጣ። ምኞት የሹፌሩ የእህት ልጅ መሆኗን አላወቀም።

የፍርድ ቤቱ ነገር በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ በዚያ አገር ደም የሚያደርቀው ግን ሽምግልናው ነው። አጥፊው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የሟች ወገን «ይቅር» እስኪል ይቆማል። እማማ ይታይሽ የፈለጉት ይህንኑ ብቻ ነበር። ስለ ካሳ ሲነሣባቸው «የልጀን ሥጋ አልበላም፤ አጠፋሁ ብሎ ድንጋይ ሲሸከም ልየው» አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎቹ ተቀመጡ። የአመሉ ወገኖች የምኞትን ደብተር ይዘው መጡ፤ መምህሩንም አስጠሩት። የሽማግሎቹ አለቃ አያ እንግዳው ደብተሩን ዘቅዝቀው ያዙት። ማንበብ አይችሉም፤ ለተጻፈ ነገር ግን ትልቅ ክብር አላቸው።

«መምህር፣ ይህ ያንተ ቃል ነው?»

«ነው፣ ግን...»

«የተመታቱት እኩል ነው ወይስ አይደለም?»

እማማ ይታይሽ ቀና ብለው አዩት። «አይደለም» ቢል በተገላገሉ ነበር። ነገር ግን ከኋላ ተማሪዎቹ ቆመው ያያሉ፤ ደብተሩ ላይ ያለው ቃልም ትክክል ነው።

«እኩል ነው፤ ግን አባቴ፣ እኩል የሆነው ኃይሉ ነው እንጂ ጥፋቱ...»

«በቃ!» አሉ አያ እንግዳው። «የተማረ ሰው ተናገረ። እኛ ገበሬዎች ነን፤ ካንተ ወዲያ ምን እናውቃለን?»

መምህሩ የጀመረውን ተወው። መጮህ ይችል ነበር፤ ለመጮህ ደግሞ ማን ብሎት። ግን በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ትክክል ነህ መባሉ ደስ አሰኘው። አዎ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ ደስ አሰኘው።

«እንግዲህ እኩል ከተመታቱ እኩል ይታረቁ» ሲሉ ፈረዱ አያ እንግዳው። «ከሁለቱም ወገን ድንጋይ ይሸከሙ።»

የሟች ወገን እማማ ይታይሽ ብቻ ነበሩ፤ ሌላ ሰው የላቸውም። ከርብ ወንዝ ዳር ሁለት ድንጋይ ተመረጠ። አያ እንግዳው በፍርዳቸው እንከን እንዳይወጣ ብለው «መምህር፣ መዝንልን፤ አንዱ እንዳይበልጥ» አሉ። መምህሩ ተራ በተራ አንሥቶ መዘነና በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ልዩነት የላቸውም።

አመሉ ደንዳና ሰው ነው፤ ድንጋዩን እንደ ጋቢ ጣል አደረገው። እማማ ይታይሽ ላይ ሲጫን ግን ጉልበታቸው ከዳቸውና በፊታቸው ተደፉ። አነሧቸው፤ ድንጋዩንም መልሰው ጫኑባቸው፤ ይቅርታ ቆሞ ነው የሚጠየቀው። እየተንቀጠቀጡ ልጃቸውን የገደለውን ሰው «ይቅር በለኝ» አሉት።

«ይቅር ብያለሁ፣ እማማ» አለ አመሉ፣ እንደ ደግ ሰው።

ድንጋዩ ከወረደ በኋላ መምህሩ ሊደግፋቸው ጠጋ አለ። እማማ ይታይሽ ክንዱን ያዙት። ቁጣ አልነበራቸውም፤ ግራ ነው የገባቸው።

«መምህር፣ የኔነህ ቀጫጫ ነበር። ያንን የሚያህል መኪና እኩል የሚመታበትን ጉልበት ከየት አመጣው?»

«እናቴ፣ እንዲያ አይደለም» አለ ጎንበስ ብሎ። «አንድ ዓይነት ግፊት በሬንም ጥጃንም ቢያገኝ፣ ወድቆ የሚቀረው ጥጃው ነው። ግፊቱን ይዞ የመጣው ደግሞ አመሉ ነው፤ ፍሬን አልያዘም። የኔነህ ምንም አላጠፋም።»

ተማሪ እንደሚሰማ አድርገው ሰሙት። አሁን ገባቸው።

«ታዲያ ይችን ቅድም ለምን አልነገርህልኝም?»

ሽማግሎቹ የዕርቁን በግ ሊበሉ እጃቸውን ይታጠቡ ነበር። ለመምህሩ ከአያ እንግዳው ጎን ቦታ ተለቅቆለት «መምህር፣ ወዲህ ና እንጂ» ይሉታል። ክንዱን ቀስ አድርጎ ከእማማ ይታይሽ እጅ አወጣ፤ ሄዶም ተቀመጠ።