ያላየኋቸው ህልሞች

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። እሳቸው ከእኔ የሚያውቁት ኃጢአት ጾም መግደፌንና ጎረቤቴን ማማቴን ብቻ ነው። ትልቁን ደብቄ ትንንሾቹን እያቀረብኩ ስድስት ዓመት አታለልኳቸው። አሁን ይህን ለሚያነቡት ለእርስዎ እናገራለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ቶሎ ቶሎ ስጽፍ ለራሴ ማዘን ይቀናኛል።

እኔ በሟች ባሌ ስም ህልም ፈጥሬ አውርቻለሁ። አንድ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ወረቀት አላባክንም ነበር።

ባሌ ታደሰና ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ደበላ እዚህ አዳማ ከአባታቸው የወረሱት ወፍጮ ቤት ነበራቸው። ጋሽ ደበላ አርሲ ነገሌ ሆነው እህል ይነግዳሉ፤ ወፍጮውን የምናሠራው እኔና ታደሰ ነበርን። ታደሰ ሞቶ አርባው እንደወጣ ዘመድ ሁሉ ሳሎኔ ውስጥ ተሰበሰበ። የኮሮና ጊዜ ስለነበር ሁሉም ጭምብሉን አገጩ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሥራ ቀዝቅዟል፣ ነገ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ስለዚህ ወፍጮው ይሸጥ ተባለ።

«ደግሞ ሴት ልጅ ሞተር ታስነሳለች እንዴ?» አሉ የባሌ አክስት።

ሃያ ዓመት ሞተሩን ሳስነሳ የት ነበሩ? እንዲህ ብዬ መመለስ ነበረብኝ። በምክንያት መከራከር ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ታደሰ በህልሜ መጥቶ 'ወፍጮዬን እንዳትነኩ' ብሎኛል» አልኩ።

ጋሽ ደበላ ኮፍያቸውን አወለቁ። አክስትየው አማተቡ። ከሕያዋ ሴት ጋር ሲሟገቱ ያረፈዱ ሰዎች ከሞተው ወንድ ጋር አንዲት ቃል አልተሟገቱም። እኔ ዋሸሁ፣ እነሱም አመኑኝ። ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ጥፋቴ የጀመረው ከውሸቱ ይልቅ ከዚህ ቅለት ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ወዲያ ታደሰ በየሳምንቱ ይመጣ ጀመር። መንገድ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ሲነፍስ፣ ስንዴ አስቀድመን ከጋሽ ደበላ እንድናስመጣ አዘዘ። ስንዴ ሲጠፋ ወደ በርበሬና ሽሮ እንድንዞር መከረ። መብራት በቀን ሦስቴ መሄድ ሲጀምር ደግሞ የናፍጣ ሞተር እንዲገዛ አሳሰበ፤ ያውም የፈረስ ጉልበቱን ጠቅሶ። በሕይወቱ ሳለ ብሎን የሚያጠብቅለት ሰው የሚጣራ የነበረው ታደሰ፣ ከሞተ በኋላ መካኒክ ሆነ። ይህን ማንም አልጠረጠረም። እኔ ብሆን እጠረጥር ነበር።

ሁሴን የሚባል የወሎ ሰው ከእኛ ጋር ሲፈጭ ኖሯል፤ ፀጉሩን ያነጣው ዱቄት ይሁን ዕድሜ መለየት አይቻልም። እሱ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሥራ አግኝቶ ሊሰናበተኝ መጣ። ያለ እሱ ወፍጮው አንድ ሳምንት አይዘልቅም።

«ሁሴን፣ ጋሼ ታደሰ ስላንተ አወራኝ» አልኩት።

«ምን አሉ እትዬ?»

«'ሁሴን ከሄደ የወፍጮው ድምፅ ይቀየራል' አለኝ።»

«በአማርኛ ነው በኦሮምኛ?»

«ምን ይለያል?»

«ሲቆጡ በኦሮምኛ ነበር የሚናገሩት። ተቆጥተው ከሆነ አሁኑኑ ሥራ ልግባ ብዬ ነው።»

«በኦሮምኛ» አልኩ፣ ዓይኔን ሳላሽ። ልብሱን ቀይሮ ገባ።

ወሬው ወደ ደንበኞቹ ተሻገረ። ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች «ዛሬስ ምን አሉ?» ይሉኛል። አንዷ ባልቴት ደግሞ ጆሮዬ ሥር ተጠግተው፣ «እስቲ ሲመጣ የኔን ሰውዬ እዚያ አይቶት እንደሆነ ጠይቂልኝ፤ ረዥም ነው፣ ግልፍተኛ ነው» አሉኝ። እጠይቅልዎታለሁ አልኩ። ይህን ሳስታውስ እስቃለሁ፤ ስቄ ሳበቃ ደግሞ አፍራለሁ።

ምክንያቱም ታደሰ አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም። በአርባው አልመጣም፣ በሰማንያው አልመጣም፣ በሙት ዓመቱም አልመጣም። በመኝታ ሰዓት የከበደ ነገር መብላት ህልም ያመጣል ሲሉ ሰምቼ ጥሬ ሽንብራ ቆርጥሜ ተኛሁ። በህልሜ የመጣው የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ነው። የታደሰን ኮት ተንተርሼ ተኛሁ። አንገቴ ታመመ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ነዳጅ ጠፍቶ የናፍጣው ሞተር ራሱ የቆመ ጊዜ፣ ጋሽ ደበላ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ከአርሲ ነገሌ መጡ። ምሳ አቀረብኩ። እሳቸው እጃቸውን ታጥበው ሳይቆርሱ ተቀመጡ።

«ዘነቡ፣ እኔም አየሁት» አሉ። «እዚህ ደጃፋችሁ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ዱቄት ያራግፋል። ግራውን ሁለቴ፣ ቀኙን አንዴ። ከዚያ ቀና ብሎ 'ሚስቴ ደክማለች፤ ወፍጮውን አከራዩትና ትረፍ' አለኝ። ደግሞ ለአንቺ ብሎ...»

አላስጨረስኳቸውም።

ግራውን ሁለቴ፣ ቀኙን አንዴ። ታደሰ በየምሽቱ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ የማየው ግን እኔ ብቻ ነኝ። ጋሽ ደበላ የሚመጡት ለበዓል ነው፤ ያን ቀን ታደሰ የሚያደርገው የተወለወለ ጫማ ነው። ስለዚህ ህልሙ እውነት መሆኑን ከሽማግሌዎቹም፣ ከራሳቸው ከጋሽ ደበላም በላይ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ምን አልኩ?

«ታደሰ ዛሬ ጠዋት መጥቶ አስጠንቅቆኛል» አልኩ። «'ወንድሜ ህልም አየሁ ብሎ ይመጣል፤ እንዳትሰሚው' ብሎኛል።»

«ደበላ!» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «በሙት ስም ይነገዳል እንዴ? ያውም በገዛ ወንድምህ!»

«ኧረ እውነቴን ነው» አሉ ጋሽ ደበላ፣ እንደሚለምን ሰው። ኮፍያቸውን አንሥተው እህል ሳይቀምሱ ወጡ።

ለወፍጮው ብዬ ነው? ለራሴ እንዲያ ስል ኖሬአለሁ። ግን ወፍጮ ቢከራይ አይሞትም። እኔ ደግሞ በእርግጥ ደክሜ ነበር። እውነቱ ቅናት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ሰው ባቱን አልፎ፣ ቡልቡላን አልፎ አርሲ ነገሌ ድረስ ሄደ? እኔ ዘንድ ለመምጣት ማን መንገድ ዘጋበት? በሙት ባሌ ተናደድኩ፣ የመታሁት ግን ሕያው ወንድሙን ነው።

ይባስ ብሎ ሁሉ ነገር ተሳካልኝ። ነዳጁ ተገኘ፣ ወፍጮው ተነሣ፣ ዛሬ የሰፈሩ ነጋዴዎች ጠንካራ ሴት ይሉኛል። ጋሽ ደበላ ግን ከዚያ ወዲህ ለለቅሶ ካልሆነ ደጄን አልረገጡም። ያላየሁትን ህልም በላክሁባቸው ቁጥር ስንዴውን ጭነው ይልካሉ። ለዘመድ «እኔ ያየሁትን አላምንም፤ እሷ ያየችውን አድርጉ» ይላሉ አሉ። እኔ ከአንድ ሰው ላይ የገዛ እንቅልፉን ሰረቅሁ። ወንድሙን ለመጨረሻ ጊዜ ያየበትን ህልም ሰረቅሁ።

እሑድ አርሲ ነገሌ እሄዳለሁ። ይህን ወረቀት ሽማግሌዎቹ ባሉበት አነበዋለሁ። አዝኜ ነበር አልልም፤ እሳቸውም አዝነው ነበር፣ ግን አልዋሹም። ጊዜው ክፉ ነበር አልልም። ይቅር ካሉኝ እግራቸውን እስማለሁ፤ ካላሉኝም ፍርዳቸው ነው፣ ወፍጮውንም ያሉት ይሁን።

ሳያባርሩኝ በፊት ግን አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ፣ ለዚህም ድፍረቴ ይቅር በሉኝ። ያን ቀን «ደግሞ ለአንቺ ብሎ» ሲሉ ነው ያቋረጥኳቸው። ታደሰ ለእኔ ምን ብሎ እንደነበር ይንገሩኝ።