ድምፁን መልሱ

ዲላ በአስተማሪነት እንደተመደብኩ፣ ትምህርት ቤታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከገበያ ለሚመለሰው ሕዝብ ፊልም ያሳይ ነበር። አዳራሹ እንዲጨልም መስኮቶቹን በቡና ጆንያ እንጋርዳለን፤ ግድግዳው ላይ አቡጀዲ እንወጥራለን። በማይክሮፎን የምተረጉመው እኔ ነበርኩ። ማይክሮፎኑም ፊልሙም የሚሰሙት በአንድ ድምፅ ማጉያ ስለሆነ፣ እኔ እንድናገር የፊልሙ ድምፅ ይዘጋል። ስለዚህ ጀግናውም፣ ሌባውም፣ ሙሽራይቱም የሚናገሩት በእኔ ድምፅ ነበር። ለፈረሱ እንኳ የማሽካካለት እኔ ነበርኩ።

ይህ ያንገበግበኝ ጀመር። ፊልም የሚሠራው ለዓይን ብቻ አይደለም። ሰዎቹ የሚሉትን ከንግግራቸው እንሰማለን፤ ሊሉት ያልደፈሩትን ደግሞ ሙዚቃው ይነግረናል። የበር ሲጢጥታና የእግር ኮቴ ገና ያላየነውን ነገር ያመጡብናል። ሙዚቃው ድንገት ሲቋረጥም ዝምታው ራሱ ይናገራል። ይህን ሁሉ በእኔ ምላስ ደፍነነው ኖርን።

ስለዚህ ታሪኩን አስቀድሜ ተናግሬ፣ ፊልሙ ሲጀመር ዝም እንድል የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር ጠየቅኩ።

«ሕዝቡ እንግሊዝኛ አያውቅም» አሉኝ።

«በር የሚንኳኳው በእንግሊዝኛ ነው እንዴ ጋሼ?»

«አቤት ምላስ! እሺ፣ ሞክር። ሕዝቡ ካጉረመረመ ግን ማይክሮፎኑን ለሌላ እሰጣለሁ። አንተም ገደብ ወረዳ ተዛውረህ ለእንሰቱ ታስረዳለህ።»

«ይሁን» አልኩ።

የዚያ ቅዳሜ ፊልም ልጇ ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል ስለሚቆፍርላት እናት ነበር። መጨረሻውን ሳልነካ ታሪኩን ነግሬያቸው ዝም አልኩ። ፊልሙ ገፋ፤ ጉድጓዱ ተናደ፤ እናትየዋ ቤቷ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ሙዚቃው ቆመ። የግድግዳ ሰዓት ብቻ ይሰማል። ከዚያ ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ መጣ።

«ልጇ መጣላት!» አለች ፊት የተቀመጠች ቡና ለቃሚ።

«ወጣት እንዲህ ይጎተታል? ይሄ መርዶ ነጋሪ ነው» አላት ከጎኗ ያለ ሰውዬ።

«ምላስህ ይቆረጥ! ደክሞት ነው!»

አዳራሹ በአማርኛም በጌዴኦኛም ለሁለት ተከፈለ። ዳይሬክተሩ ሕዝቡ ያጉረመረመ መሰላቸው። ብድግ ብለው የፊልሙን ድምፅ ዘጉትና «ተናገር!» አሉኝ።

አቡጀዲው ላይ በሩ ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ ገብተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። የእናትየዋ አፍ ተከፈተ፤ የሚሰማ ነገር ግን የለም። ማይክሮፎኑን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ እጄን አጣጠፍኩ።

«ምን አለች?» አለች ቡና ለቃሚዋ።

«ድምፁን መልሱ!» አለ ሌላው።

«መምህሩ ይነግራችኋል!» አሉ ዳይሬክተሩ።

«መምህሩ የትም አይሄድብንም! እሷን አሰሙን!» አሉ ከኋላ ያሉት።

ዳይሬክተሩ እየገላመጡኝ ድምፁን መለሱት። የእናትየዋ ዋይታ አዳራሹን ሞላው። ቡና ለቃሚዋ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ትርጉም የጠየቀኝ ማንም አልነበረም።

ሰኞ ማይክሮፎኑ ለሌላ መምህር ተሰጠ። ገደብ የመዛወሬም ነገር እየታሰበበት መሆኑ ተነገረኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሕዝቡ መካከል ገብቼ ተቀመጥኩ። አዲሱ ተርጓሚ «እንግዲህ ይህ ሰውዬ አሁን…» ብሎ ሳይጨርስ፣ ከኋላዬ «ድምፁን!» የሚል ጩኸት ተነሣ። እኔም ጮኽኩ። ዳይሬክተሩ ዞረው አዩኝ። ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ደግሜ ጮኽኩ።