ፎቶ ቁጥር 0412

የካሜራን ቁጥር እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ። ካሜራ ያነሳውን አያውቅም፤ ሙሽራ ይሁን ፍየል ግድ የለውም፣ ጥቂት ፊደልና አራት አሃዝ ለጥፎበት ያልፋል። የእኔው ደግሞ ካርዱ በጸዳ ቁጥር እንደገና ከ0001 ይጀምር ነበር። ይህን አውቃለሁ። ማስተካከሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ተውኩት።

ድሬዳዋ ውስጥ ሠርግ አነሳለሁ። ደንበኞቼ ለአልበም የሚሆነውን ኮምፒዩተሬ ላይ እያዩ ቁጥሩን በወረቀት ይጽፉልኛል። አንዲት ሙሽራም እንዲሁ አደረገች። አባቷ ካሜራ አይወዱም፤ የሠርጉን ጠዋት ሙሉ ፊታቸውን በእጃቸው እየሸፈኑ አስቸግረውኝ ነበር። ከቤት ልትወጣ ስትል ግን አጠገባቸው ቁጭ ብላ «አባዬ፣ ለእኔ ስትል» አለቻቸው። እጃቸውን አወረዱ። አንድ ጊዜ ብቻ አነሳኋቸው። ስትመርጥ ከሁሉ በፊት የጻፈችው ያንን ነው፤ 0412።

በሳምንቱ ካርዱን አጽድቼ መልካ ጀብዱ ሄጄ ሌላ ሠርግ አነሳሁ። ወደ ኮምፒዩተሬ ስገለብጥ ፎልደር ተሳስቼ የመጀመሪያዋ ሙሽራ ፎቶዎች ያሉበት ውስጥ ከተትኩት። ኮምፒዩተሩ ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል አለ፣ ይተካ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የገለበጥኩትን እየደገምኩ መስሎኝ፣ ሙቀቱም አናቴን አዙሮት፣ ሁሉንም ተካ አልኩት። ሁለተኛው ሠርግ ቁጥር 0800 ላይ ስላበቃ፣ ከመጀመሪያዋ ሙሽራ ፎቶ የተረፈው ከዚያ በላይ ያለው ብቻ ነው። ካርዱን ይዤ ታይዋን ገበያ ሮጥኩ፤ የጠፋ ፋይል የሚመልስ ሰው አለ። ግማሽ ቀን ሲታገል ዋለና «አቦ ተወው፤ ላዩ ላይ ሌላ ተጽፎበታል። ወላሂ ምንም የለም» አለኝ። ለሙሽራዋ ግን አልደወልኩም። ምን ብዬ?

ከጥቂት ቀናት በኋላ ራሷ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። አባቷ በድንገት አርፈዋል፣ ቀብሩ ከሰዓት ነው። ቤት ያለው ፎቷቸው የመታወቂያው ብቻ ነው፤ እሱም ደብዝዟል።

«ያቺን ትልቅ አድርገህ አትምልኝ» አለች፣ «0412 ናት።» ቁጥሩን በቃሏ ይዛዋለች።

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ «እሺ» ብቻ አልኩ። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም። 0412ን ከፈትኩት። የመልካ ጀብዱ ሠርግ ሚዜ ጥርሱን ገልጦ እየሳቀ ወጣ።

ትንሽ አየችው። ብትጮህብኝ በተሻለኝ ነበር።

«ይሄ አባዬ አይደለም» አለች። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ቁጥሩን እኔ ተሳስቼ ይሆናል። ይቅርታ፣ ካላስቸገርኩህ ፈልግልኝ» አለችና ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ሳበች።

ከ0001 ጀምሬ አንድ በአንድ ከፈትኩላት፤ አባቷ እዚያ እንደሌሉ እያወቅሁ።