ቀጥ ያለ የጠመኔ መስመር

ልብስ ሰፊው በመስኮቱ ያየውን ነገር መጀመሪያ ላይ ሕልም ነው ብሎ ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷት ግድግዳው ሁሉ የማር መልክ ይዟል። ከታች፣ ከመንገዱ ዳር፣ የእሱ ትንሽ ሰማያዊ መኪና ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች፤ አንድ ረጅም ሰው ሞተሯ ላይ እስከ ወገቡ ጎንበስ ብሎ ይሠራል። ኮቱን አጥፎ አጥሩ ላይ ሰቅሎታል። ኮቱን ልብስ ሰፊው ያውቀዋል፤ የሰፋው እሱ ነው። ሰውየውንም ያውቀዋል፤ ጀርመኑ ነው።

ጀርመኑ ጀርመን አይደለም። የመሬት ቀያሽ ነው። ጀርመን ከሠራችው መኪና ውጪ መኪና የሚባል ነገር መኖሩን ስለማያምን ስሙ እንዲያ ወጣለት። የልብስ ሰፊው ደግሞ ከጃፓን የመጣች ናት። ሁለቱ ሰዎች በዚህ ነገር ሃያ ዓመት ሲከራከሩ ኖረዋል፤ አንዱ ለሌላው አንዲት ቃል ለቆ አያውቅም።

ልብስ ሰፊው መስኮቱን ሊከፍት እጁን ዘርግቶ መልሶ ተወው። ጀርመኑ አዲስ ቺንጋ አወጣ፤ ያ ዲናሞውን ከሞተሩ ጋር የሚያሽከረክረው ጥቁር የጎማ ቀበቶ ነው። የነበረውን ፈታ፣ አዲሱን አስገባ፣ ቡለኑን አጠበቀ። ከዚያ ግራና ቀኝ እንደ ሌባ ተገላምጦ ከኪሱ ጠመኔ መዘዘና ቡለኑ ላይ አንድ ነገር አሰመረ። ሕፃን የተኛበትን ክፍል እንደሚዘጋ ሰው ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ገጠመ፤ ኮቱን ለብሶም ሄደ።

ነገሩ ልብስ ሰፊውን ያስደነገጠው በምክንያት ነው። ከሰፈሩ የመኪና መለዋወጫ መደብር ጀርባ ባለው ሜዳ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡት መኪና ወዳጆች ዘንድ፣ ሳይጠየቁ የሰው ኮፈን መክፈት ትልቅ ነውር ነው። ሁሉም የራሱን መኪና በራሱ እጅ ይጠግናል። ተሸንፎ ጋራዥ የገባ ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ አፉን ዘግቶ እንዲቀመጥ ይፈረድበታል፤ ለእነዚያ ሰዎች ደግሞ ከዝም ማለት የከፋ ቅጣት የለም። ታዲያ የማኅበሩ ሕግ ጠባቂ የሆነው ጀርመኑ ራሱ፣ ያውም በባላንጣው መኪና ላይ፣ ምን ሊሠራ መጣ?

ልብስ ሰፊው ደረጃውን ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። እሱ አንድ ልማድ አለው፤ ቡለን ካጠበቀ በኋላ በልብስ ጠመኔው ከቡለኑ እስከ ብረቱ መስመር ያሰምራል። ቡለኑ ከላላ መስመሩ ይሰበራል፤ አንድ ጊዜ በማየት ይታወቃል። አሁንም መስመሩ በቦታው ነበር። ግን የእሱ አልነበረም። የእሱ መስመር እንደ ክንድ ስፌት ጫፉ ላይ ትንሽ ይታጠፋል። ይሄኛው በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሏል።

እዚያው ቆሞ ያለፈውን ቅዳሜ አሰበ። ቺንጋውን ራሱ ቀይሮ፣ እየተኩራራ ወደ ሜዳው ሲገባ ሁሉም ወሬያቸውን አቁመው ዞረው ነበር። «ስሟት!» አላቸው። «እንደ ሐር ትሄዳለች!» ማንም አልሳቀም። ሊያሾፍበት አጋጣሚ ሲያጣ የሚታመመው ጀርመኑ እንኳ መሬት መሬት እያየ፣ «እውነትህን ነው፣ ሐር ናት» አለ። ልብስ ሰፊው ያን ቀን በመጨረሻ አሸነፍኩት ብሎ ደስ ብሎት ነበር ቤቱ የገባው።

አሁን ገባው። ቺንጋውን ያስገባው በልብስ ሰፊ እጁ ነው፤ ወገብ እንዳያጠብቅ አንድ ጣት ታህል ክፍተት ትቶለታል። ሱሪ መተንፈስ አለበት፤ ቺንጋ ግን ሲላላ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ደግሞ ሲጥ እያለ ይጮኻል። መኪናዋ ሳምንቱን ሙሉ በከተማው መሐል እየጮኸች ሄዳለች ማለት ነው። ሁሉም ሰምቷል። ያልሰማው እሱ ብቻ ነው። እሱ፣ ማኅበሩ ሁሉ «ጆሮ» ብሎ የሚጠራው ሰው!

ይህን ስም ያገኘው እንዲሁ አይደለም። መኪናዋን የገዛት የማትነሳ ብረት ሆና ነው። መካኒክነትን ማንም አላስተማረውም። ከጎረቤቱ፣ ማለት ይህን ታሪክ ከሚጽፈው ሰው፣ ልባሱ የወለቀ የጥገና መጽሐፍ ተውሶ፣ የማያውቀውን ቃል እየዘለለ፣ ሥዕሉን እንደ ልብስ ቅድ እያጠና ነው የፈታትና የገጠማት። መጽሐፉ ያልነገረውን ደግሞ ጆሮው ነገረው። የልብስ መለኪያ እንጨቱን አንዱን ጫፍ ሞተር ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። «ቷ ቷ የሚለው ካንዴላ ነው» ይላል። «ሽር የሚለው ውኃ ነው። ጓ ካለ ግን ጸልዩ።» ተሳስቶ አያውቅም ነበር።

ያን ምሽት የስፌት ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ያለፉትን ሁለት ዓመታት አንድ በአንድ ገለበጣቸው። ከመስኮቱ ፊት ካለው ዛፍ ወፎቹ መኖሪያ ቀይረው ሄደዋል ብሎ ነበር። የስፌት መኪናው ጥሩ ዘይት አግኝቶ ለስልሷል ብሎ ነበር። ሚስቱም ከዕድሜ ጋር ድምፅዋ ዝግ፣ ጠባይዋ ልዝብ እያለ መጣ ብሎ ፈጣሪውን አመስግኖ ነበር። ዓለም ቀስ በቀስ የተጠገነች መስሎት ኖሯል። ለካ ከእሱ ላይ ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ እየተቆረጠ፣ እንደ ቁርጥራጭ ክር ወለል ላይ እየወደቀ ነበር።

«አንቺ» ብሎ ሚስቱን ጠራት። «ስትጠሪኝ አልሰማ እላለሁ እንዴ?»

«ሁለት ዓመትህ!» አለች። «እኔማ ንቀኸኝ መስሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጣሽም?»

«ተቆጥቻለሁ እንጂ! እሱንም አልሰማኸውም።»

ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ። ከዚያ ልብስ ሰፊውን ቅዳሜ ትዝ አለችው። አንዲት ነርስ አሮጌ መኪና ልትገዛ ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ ረጅም መንገድ ነድታ ወደ ሥራ የምትሄድ ሴት ናት። የመኪናዋ ባለቤት ለሙከራ ሰጥቷት ወደ ሜዳው ይዛት ትመጣለች፤ «ጋሼ ጆሮ ደህና ናት ካሉኝ እገዛለሁ፣ አይሆንም ካሉ እተዋለሁ» ብላለች። ደህና ናት ቢልና ሳይሰማ የቀረው ነገር በጨለማ መንገድ ላይ ቢያቆማትስ? አልሰማም ቢል ደግሞ፣ ጆሮ ያልሆነ ጆሮ በዚያ ሜዳ ላይ ምን ሊሠራ ይቀመጣል?

ቅዳሜ ሲደርስ ክርክሩ ደርቶ ጠበቀው።

«ያንተ አገር መኪና» ይላል አንዱ ጀርመኑን፣ «አምፖል ለመቀየር ግማሽ አካሏ ይወልቃል። ይሄ ጥገና ነው ቀዶ ሕክምና?»

«አንዴ ከገጠምከው በኋላ የልጅ ልጅህ ነው የሚፈታው» አለ ጀርመኑ። «የእናንተዎቹ እኮ በየሳምንቱ ስለምትፈቷቸው ነው የተማራችኋቸው። ጓደኛዬን የመኪናው ብልሽት ነው ያስተማረው።»

«የኔዋ ብትበላሽም ትነግረኛለች» አለ ልብስ ሰፊው እየተቀመጠ። «ያንተዋ ኩራቷ አያስተነፍሳትም፤ ዝም ብላ ነው የምትሞተው።»

ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ከመንገዱ ላይ አልተነሣም። ነርሷ በዚህ መሐል አመድማ መኪና እየነዳች ደረሰች። ሞተሩን ሳታጠፋ ወርዳ ኮፈኑን ከፈተችና፣ «ይኸው ጋሼ፣ በእርስዎ እጅ ነች» አለች።

ልብስ ሰፊው መለኪያ እንጨቱን ይዞ ተነሣ። ጫፉን ሞተሩ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። የታችኛው ድምፅ በእንጨቱ ውስጥ ወደ እሱ መጣ፤ ወፍራም፣ የተረጋጋ፣ እንደ ሩቅ ከበሮ። በዚያ ድምፅ ላይ እንደ ጀልባ ተንሳፈፈ። ድሮ ከዚህ በላይ ሌላ ዓለም ነበር፤ የሚያፏጭ፣ የሚንሾካሾክ። አሁን እዚያ ላይ ጥርት ያለ ሰማይ ብቻ አለ፤ ውብ፣ ባዶ። ደህና ናት ሊል አፉን ከፈተ።

አላለም። ዓይኑን ገለጠ።

«ታችኛው ጤነኛ ነው» አለ። «ልቧ ደህና ነው፣ እምልልሻለሁ። ላይኛውን ግን እኔ አልሰማም ልጄ። ቀጭን ድምፅ ከኔ ሄዷል። ሰንበት ብሏል አሉ፤ እኔ ነኝ ዘግይቼ የሰማሁት።» ከዚያ እንጨቱን ዘርግቶ ለጀርመኑ ሰጠው። «ላይኛውን አንተ ስማልን።»

ጀርመኑ እንጨቱን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ እንዴት እንደሚይዘው ጠፋው። ልብስ ሰፊው ጫፉን ዲናሞው ላይ አኖረለት። «ምን ይልሃል?»

«ያፏጫል።»

«ቀጥ ብሎ ነው ወይስ እየተሽከረከረ?»

«እየተሽከረከረ… ሲሲሲ፣ ሲሲሲ ይላል። አሸዋ እንደገባበት።»

«ኩሽኔታው ነው!» አለ ልብስ ሰፊው፤ ፊቱ በራ። «የዲናሞው መሽከርከሪያ አልቋል። እሱን ለውጠሽ ግዢያት ልጄ። ካልቀየርሽው አንድ ሌሊት መብራት ታሳጣሻለች።»

ነርሷ ሁለቱንም አየቻቸው። «እኔ የመጣሁት አንድ ጆሮ ብዬ ነበር» አለች፤ «ሁለት ሰጣችሁኝ።» ከዚያም ለልብስ ሰፊው ጆሮውን የሚመረምር ሐኪም ዘንድ ራሷ እንደምትወስደው ነገረችው፤ እሺ አለ። ከማኅበሩ አንዱ፣ «ሐኪም ቤት የሚገባ ሰውማ ጋራዥ እንደገባ ይቆጠራል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝም ይላል!» ብሎ ጮኸ። ልብስ ሰፊው እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ «ምን አልክ? አልሰማሁህም» አለው።

ሲበታተኑ ጀርመኑ እስከ ሰማያዊዋ መኪና ድረስ ሸኘው።

«ወንድሜ» አለው ልብስ ሰፊው መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ «ለወደፊቱ የሰው መኪና ላይ ስታሰምር እጅህን ትንሽ አንቀጥቅጠው። መስመርህ በጣም ቀጥ ብሏል።»

ጀርመኑ እስከ አንገቱ ቀላ። «ሙያ ምን ይደረጋል» አለ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ልብስ ሰፊው ልባሱ የወለቀውን የጥገና መጽሐፍ በብብቱ ይዞ የጎረቤቱን በር አንኳኳ። ሃያ ዓመት አቆይቶት አዲስ የጨርቅ ልባስ ሰፍቶለታል፤ ከጀርመኑ ኮት በተረፈው ጨርቅ። ከላይ የተጻፈውን ሁሉ ከበሩ ሳያልፍ፣ ቆሞ አወራ። ሲጨርስ መጽሐፉን ሰጠና ትንሽ አመነታ።

«አንድ ነገር ላስቸግርህ?» አለ። «አንተ በማለዳ ለጸሎት ትነሣለህ። እዚያ ዛፍ ላይ ወፎቹ አሁንም አሉ አይደል? ቅጠሉ ጥቅጥቅ ብሎ አላያቸውም፤ እኔማ ሄደዋል ብዬ አዝኜባቸው ነበር። እንግዲህ ጠዋት መንጫጫት ሲጀምሩ የምንጋራውን ግድግዳ ሁለቴ ምታልኝ። በጡጫህ ምታው፤ ወፍራሙ ድምፅ ገና አለኝ። መምጣታቸውን አንተ ንገረኝ እንጂ ዜማውን እኔ አስታውሰዋለሁ።»