ከጋምቤላ ሁለት ሰዓት

የካፉር ሽታ ሰዓት ያምታታብኛል። ባለፈው ሳምንት አንድ ሱቅ ውስጥ ሸተተኝና፣ ጠዋት ይሁን ከሰዓት ጠፍቶኝ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ባለሱቋ «ምን ልስጥህ?» ስትለኝ የመጣሁበትን ረስቼዋለሁ።

አባታችን ጅግጅጋ ያረፈው እኔ አስረኛ ክፍል ሳለሁ፣ ጎህ ሲቀድ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ያን ዓመት ጋምቤላ አስተማሪ ነው። እኛ ዘንድ ሬሳ አያድርም፤ አባትን ደግሞ መቃብር ወርዶ የሚቀበለው የበኩር ልጅ ነው። ወንድሜ በስልክ እያለቀሰ «ትኬት አግኝቻለሁ፤ እስክደርስ እንዳትቀብሩት። እኔ ነኝ የምቀበለው» አለኝ።

አጎቴ የልብስ ነጋዴ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ድንበሩ ላይ ካለችው ቶጎጫሌ ሲመላለስ የኖረ፣ አውሮፕላንን ከታች ብቻ የሚያውቅ ሰው። ግቢው በሰው ተሞልቶ፣ አባቴ የታጠበበት ካፉር የሚሸት ውሃ በበሩ ሥር እየፈሰሰ፣ ጠራኝ።

«አንተ ስልክ ያለህ፣ ከጋምቤላ እዚህ በአየር ስንት ሰዓት ያስኬዳል?»

ካርታው ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር አቋረጠ። ሁለት ሰዓት ያህል እንደሚል አነበብኩለት።

«ሁለት ሰዓትማ ቶጎጫሌ ደርሶ መልስ ነው፣ ወላሂ!» አለና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። እስከ ከሰዓቱ ሶላት ሊጠብቁት ተስማሙ።

ቀትር ላይ ወንድሜ ደወለ። አዲስ አበባ ገብቷል። ግቢው በሙሉ «አልሃምዱሊላህ!» አለ፤ እናቴም ከሴቶቹ መካከል «መጣልኝ» ስትል ሰማኋት። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የጅግጅጋው የጠዋት በረራ አምልጦኛል። የከሰዓቱም ሞልቷል ይሉኛል፤ እየለመንኳቸው ነው» አለኝ። ግራ ገባኝ። ግማሹን መንገድ የጨረሰ ሰው እንዴት ከጠዋቱ ይልቅ ይርቃል? ዛሬ ራሴ ለሥራ በዚያው መንገድ እመላለሳለሁ፤ አሁንም በቅጡ አይገባኝም።

ከሰዓት በኋላ የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማ። ሰው ሁሉ ቀና አለ። ነጭ ሆዱ በፀሐይ እያበራ ከከተማው በላይ ዝቅ ሲል አጎቴ የጎረቤት መኪና ወደ አየር ማረፊያው አስሮጠ። ይሁን እንጂ መኪናው ባዶውን ተመለሰ። ስደውልለት ወንድሜ «ጥሎኝ ሄደ» ብሎ ዘጋው።

አዛን ተሰማ። አጎቴ ትከሻዬን ይዞ «ከእንግዲህ አባትህን ማስጠበቅ ነውር ነው፤ አንተ ትወርዳለህ፣ ልጄ» አለኝ።

ወረድኩ። አፈሩ ከውስጥ ቀዝቃዛ ነበር። ከላይ የሚያቀብሉኝን ሰዎች ማየት ሲገባኝ እኔ የማየው ሰማዩን ነበር፤ ወንድሜ በዚያ በኩል የሚመጣ እየመሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ደረሰ። ሰው ሲላቀስ እሱ እንባ አልወጣውም። ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ግቢው መሃል ቆሞ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ «ሁለት ሰዓት እኮ ነው» ይላል። ከዚያ እኔን አየኝ።

«አንተ ነህ የተቀበልከው?»

«እኔ ነኝ።»

እሱ ወደ ጋምቤላ ሲሄድ አባታችን ገና በር የሚሞላ ሰው ነበር። በሽታው ምን እንዳደረገው አላየም።

«ከበደህ?» አለኝ።

«ምንም አልከበደኝም» አልኩት።

ያኔ አለቀሰ።