ግማሽ መስኮት

እስቲ ያንን አምፖል ተመልከቱት። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ሰው ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ለግድግዳ በሚሄድበት ሰዓት፣ ከግቢው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ይበራል። ሥሩ የልብስ ስፌት መኪና አለ። መኪናው ላይ ያጎነበሰችው ሴት የግቢው ባለቤት ናት። ተከራይ አይደለችም፤ ባለቤት ናት። ይህን የምደጋግመው ወድጄ አይደለም፤ እሷ ራሷ ስለረሳችው ነው።

ሰፈሩ እታለም ይላታል። ሱሪ የሚያሳጥረውም፣ ዚፕ የሚያስቀይረውም እታለም ነው የሚላት። ባሏ ግንበኛ ነበር። ቤቱን በገዛ እጁ ሲሠራ የፊተኛውን ትልቅ ክፍል መስኮት ከልክ በላይ አሰፋው። ጓደኞቹ «ሱቅ ልትከፍት ነው እንዴ?» እያሉ አሾፉበት። «ለመኪናዋ ነው» አለ፤ ሌላ ማብራሪያ አልሰጠም። መስታወቱ ከገባ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። እታለምም ክፍሉን ለጊዜው አከራየችና ወደ ጓዳ ገባች።

ለጊዜው የሚባለው ቃል የስንቱን ሰው ዕድሜ እንደበላ ማን በጠየቀልኝ። ልጅ እስክትማር፣ ለጊዜው። የውሃው መስመር እስኪጠገን፣ ለጊዜው። ልጅቷ ተምራ፣ ተድራ ሄደች፤ መኪናው ግን ከአምፖሉ ሥር ንቅንቅ አላለም።

ባለፈው ክረምት የፊተኛው ክፍል ቆርቆሮ ዝጎ አፈሰሰና ተከራዮቹ ፍራሻቸውን ተሸክመው ወጡ። ቆርቆሮውን የቀየረላት ታናሽ ወንድሟ ነው፤ አናጢ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እህቱ ጦሟን እንዳታድር የሚሰጋ ሰው ነው። ነገር ግን ስለ ኪራይ ሲያወራ ሁሉም አፉን ከፍቶ ይሰማዋል፤ እኔ ደግሞ አፉን ከፍቶ የሚሰማ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ባዶ ክፍል እንደ ሰነፍ በሬ ነው፣ ሳያርስ ይበላል ይላል። በእሱ አባባል ትልቁን ክፍል ለአንድ ቤተሰብ መስጠት ኪሳራ ነው፤ ቤተሰቡ የወጣ ዕለት ገቢው ቀጥ ይላል፣ የቀለሙ፣ የደላላው፣ የግብሩ ወጪ ግን አንድ ላይ ይከመራል። በኮምፔርሳቶ ጣውላ ለሁለት ቢከፈል አንዱ ቢወጣ አንዱ ይቀራል፤ ሁለት ግማሽ ኪራይ ደግሞ ከአንድ ሙሉ ይበልጣል። ውሃ ይጨምራል፣ ጭቅጭቅ አይጠፋም፣ ቁልፍ ይሰበራል፤ እሱንም አስቦበታል። ከዚያ ሜትሩን ዘርግቶ ለካና ኮምፔርሳቶው ልክ መስኮቱ መሃል ላይ እንዲያርፍ አደረገው። ብርሃኑ ለሁለቱም ይድረስ ብሎ ነው። የተጣላ ባልና ሚስት እንኳ እንዲህ አይካፈልም።

ክፍሉ ባዶ በሆነባቸው ቀናት እታለም ምን ታደርግ እንደነበር ልንገራችሁ። ወንድሟ እንጨት ሊያመጣ ሲሄድ ጠብቃ፣ የእጅ ስፌቷን ይዛ ትገባና የተደፋ የቀለም ባልዲ ላይ ትቀመጣለች። ጓዳ ስትሆን ክሩን እየላሰች፣ እያሾለች፣ መርፌውን ወደ አምፖሉ እያንጋጠጠች የምትሰቃየው ሴት፣ እዚህ ክሩን በአንዴ ታስገባዋለች። አንድ ቀን እንዲያ ተቀምጣ ሳለች ወንድሟ ደረሰባት።

«አንዱን ግማሽ ለኔ ተወው» አለችው። ቀና ብላ አላየችውም።

«እና ያንቺን ጓዳ ማን ይከራየዋል? እታለም፣ ከአንቺ በቀር ተከራይ እኮ የለውም።»

«ጨከንክብኝ።»

«ብርሃን ከሆነ የጎደለሽ በሩን ክፈቺዋ።»

«በሩን ስከፍት የሚገባው የጎረቤት ግድግዳ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ሲስቁ ነገሩ አለቀ፤ ተነሥታ ባልዲውን አቀበለችው። የቆርቆሮው ውለታ አፏን ያዘው።

አሁን እኔን ስሙኝ። እዚያ ሁሉ ስሌት ውስጥ አንድ ወጪ ተዘሏል። እታለም ጥቁር ጨርቅ መቀበል ትታለች፤ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ አምፖል ሥር አይታያትም። ኮት ይዞ የመጣውን፣ የጥበቃ ዩኒፎርም ይዞ የመጣውን «ሥራ በዝቶብኛል» እያለች ከመንገዱ ማዶ ላለው ልብስ ሰፊ ትሰደዋለች። የተቀበለችውንም ትሰፋለች፣ ትተረትራለች፣ መልሳ ትሰፋለች። በኪራይ የገባው ይታያል፤ በበሩ ተመልሶ የሄደውን ሥራ ግን ማን ያየዋል? ደግሞስ ምንም ባታተርፍበትስ? ሰው ለራሱ በተከፈተ መስኮት ሥር ለመቀመጥ ትርፍ ማሳየት አለበት እንዴ?

አንዱን ግማሽ ሾፌር ተከራየው። ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው፤ ክፍሉ ተቆልፎ ይውላል፣ ፀሐይዋ ባዶ አልጋ ላይ ትተኛለች። ሌላውን ነርስ ያዘችው፤ ጨዋ ልጅ ናት፣ ኪራይ አታዘገይም። የሌሊት ተረኛ ናት። እንደገባች ሰሞን ወፍራም ጥቁር ጨርቅ ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ጓዳ መጣች።

«እትዬ፣ ቀን ነው የምተኛው፤ ያ መስኮት ደግሞ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። መጋረጃ ይሰፉልኛል?»

ሥራ በዝቶብኛል ልትል አልቻለችም። ነርሷ ተከራይ ናት፤ ተቀይማ ብትወጣስ? ያን መጋረጃ እየሰፋች ተረተረችው፣ እየተረተረች ሰፋችው። ልትሰቅለው የሄደች ጠዋት ሱሪዬን ልወስድ መጥቼ ነበርና ወንበሩን ያዝልኝ አለችኝ። ወንበሩ ላይ ወጣች፣ ቀለበቶቹን በብረቱ ላይ ደርድራ ጨረሰች፤ ግን አልወረደችም። መስኮቱ ግማሽም ሆኖ ፊቷን፣ አንገቷን፣ ጣቶቿን አበራው። እጇን ገልብጣ አየችው። የመርፌ ጠባሳዎቿን አንድ በአንድ፣ የሰው እጅ እንደምታይ ሁሉ፣ አየቻቸው። ነርሷ አልጋዋ ጫፍ ላይ እንቅልፍ እያዳፋት ነበር።

«አጠረ እንዴ፣ እትዬ?»

«አይ፣ ልክ ነው። ትንሽ ልየው ብዬ ነው።» ከዚያ ዘጋችው።

ግቢው ውስጥ ተቆጣኋት። ቤቱ ያንቺ፣ መስኮቱ ያንቺ፣ ዝምታው የማን ነው አልኳት። «ባሌ ግድግዳው ገና ወገቤ ላይ ሳለ እዚያ ያስቀምጠኝ ነበር» አለች። «ወንበር አምጥቶ፣ ከዚህ ሆነሽ ምን ይታይሻል ይለኛል።» ምን ይታይሽ ነበር ብላት ሱሪዬን አጣጥፋ ሰጠችኝ።

ነርሷ ሌላ ቦታ ሥራ አግኝታለች፤ ወሩ ሲያልቅ ትለቃለች። እታለም ይህን የሰማች ቀን መኪናዋን ከግድግዳው አላቀቀች፣ ሥሩን ጠረገች፣ ዘይት አጠጣችው፤ ከዚያ መልሳ አስጠጋችው። ለወንድሟ ምንም አላለችም። እሱ ግን ለደላላው ነግሮታል። ክፍሉ ጥቂት ሰነባብቶ ፈላጊ ካጣ፣ መኪናዋን ይዛ እንደምትገባ አውቃለሁ፤ አንዴ ከገባች ደግሞ እንኳን ወንድሟ ግሬደርም አያወጣት። እንግዲህ እናንተ ቤት ፈላጊዎች፣ ደላላው ከኮምፔርሳቶ ጎን ግማሽ መስኮት ያለው ክፍል ሲያሳያችሁ፣ ዋጋው ቢጥማችሁም እባካችሁ አይሆነኝም በሉና እለፉ።