የትልቁ መስታወት ጉልበት

ሰማይ ማየት እወዳለሁ እያልኩ የሲቀላ ገበያውን ነጋዴ ጋሽ ከድርን ስንት ጊዜ እንደነዘነዝኳቸው! በመጨረሻ መረራቸውና በመስታወት የሚሠሩ ሁለት ቴሌስኮፖች አሸከሙኝ፤ አንዱ ባለ ትንሽ፣ ሌላው ባለ ትልቅ መስታወት።

«ሞክረህ የወደድከውን ውሰድ። ትልቁ ግን የሩቁን አጠገብህ ነው የሚያመጣልህ» አሉኝ። የነጋዴ ወሬ ነው ብዬ ናቅኩት።

ዶርዜ ወጣሁና ገና ሳይመሽ ከመንደሩ ዳር ተደልድላ የተጠረገች ቦታ አገኘሁ። ማን ጠረጋት ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ትንሹን ተክዬ ማዶ ያለ የቀርከሃ ጎጆ ላይ አነጣጠርኩ። ተዘቅዝቆ ታየኝ። መስታወቱ ነገር እንደሚገለብጥ ስለማውቅ አልገረመኝም። ቀጥዬ ትልቁን ተከልኩ። ያው ጎጆ እጥፍ ሆኖ መጣ! እያየሁት ደግሞ ያድጋል። ጭራሽ ብዙ እግር አውጥቶ ወደ ሰማይ ያወራጫል። እግሩን የመስታወቱ እንከን ነው ብዬ አለፍኩት፤ ጉልበቱ ግን ልቤን አጠፋውና ለጋሽ ከድር ደወልኩ።

«ትልቁን ወስጃለሁ! የቀርከሃው ፍልጥ ሳይቀር እየታየኝ ነው!»

«ዘወር በል!» የሚል ጩኸት ዓይኔን ከቴሌስኮፑ አስነቀለኝ። ያው ጎጆ ሰዎች ከነሙሉው ተሸክመውት ፊቴ ተገትሯል። ከሥሩ አንድ አዛውንት ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ሥሩን ምስጥ በልቶብን ቤታችንን ቦታ ልንለውጠው ነው። የቆምከው እኮ የደለደልንለት ቦታ ላይ ነው።»

ጋሽ ከድር ለካ ስልኩን አልዘጉም።

«አላልኩህም?» አሉኝ፤ «አጠገብህ ነው የሚያመጣልህ!»